ወዝና አመድ፦ ስለ ፊት መኳያ ታሪክ ጥቂት ነጥቦች

በአማርኛችን «ወዝ» የሚለው ቃል ሸክሙ ብዙ ነው። ከቆዳ ላይ የሚታየው ልስላሴና ጸዳል ወዝ ይባላል፤ የሠራተኛ ላብ ወዝ ይባላል፤ ንግግሩ ለጆሮ የሚጥም ሰውም ወዝ አለው ይባልለታል። «ወዘናዋ» ሲሉ ማመስገን ነው፤ «ወዘ ቢስ» ሲሉ ማንኳሰስ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የሀገራችን የፖለቲካ ጽሑፍ ለፋብሪካ ሠራተኛ ስም ባስፈለገው ጊዜ እንኳ ወደዚሁ ቃል ሄዶ «ወዛደር»ን አገኘ፤ በወዙ የሚያድር ማለት ነው። በአንጻሩ ፊቱ የደረቀ፣ ቆዳው ነጣ ነጣ ያለ ሰው «አመዳም» ይባላል። ይህም ቃል ከመልክ አልፎ የድህነትና የጉስቁልና መግለጫ ሆኖ ኖሯል።

እንግዲህ ይህን ያህል የከበረ ቃል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የበሽታ ስም ወደ መሆን ሲቃረብ ማየት ያስገርማል። ዛሬ «ፊቴ ወዛም ነው» የምትል ወጣት ራሷን ማመስገኗ አይደለም፤ አቤቱታ ማቅረቧ ነው። ወዙን የሚመጥ ጭቃ፣ ወዙን የሚያደበዝዝ ዱቄት፣ ከዚያም በላዩ የሚለበጥ ቀለም ትሻለች። እናቷ ቅቤ ተቀብታ ያደመቀችውን ፊት ልጅቱ ታደርቀዋለች። ይህ ለውጥ የሴቶች ወግ ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ንግድ፣ መድረክ፣ ኬሚስትሪና የቆዳ ቀለም አድልዎ በአንድ ፊት ላይ የተገናኙበት ታሪክ ነው።

የሰው ልጅ ፊቱንና ገላውን መቀባት ከጀመረ ዘመኑ እጅግ ሩቅ ነው። ከቀደምቱ የቀለም ሥራ ምስክሮች አንዱ ደግሞ በሀገራችን ይገኛል። በድሬዳዋ አጠገብ፣ ፈረንሳዮች «ፖርክ ኤፒክ» ማለትም «ጃርት» ብለው በሰየሙት ዋሻ ውስጥ፣ ከ4 ሺህ የሚበልጡ የቀይ አፈር ድንጋይ ቁራጮች ከመፍጫና ከመውቀጫ ድንጋዮች ጋር ተገኝተዋል። የቁራጮቹ ክብደት በድምሩ 40 ኪሎ ያህል፣ ዕድሜያቸውም 40 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ በዚያ ዋሻ ቀለም የመፍጨቱ ሥራ ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ዱቄት ምን ያህሉ ለገላ መቀቢያ እንደ ዋለ ድንጋዩ አፍ አውጥቶ አይነግረንም፤ የአንዳንዱ ልመት ግን ለዚሁ የሚስማማ ነበር።

ያ ቀይ አፈር በኬሚስቶች ቋንቋ የብረት ኦክሳይድ ነው። ዛሬ በጠርሙስና በቱቦ ታሽጎ «ፋውንዴሽን» እየተባለ የሚሸጠው የፊት ቀለም መልኩን የሚያገኘው ከዚሁ ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ በልዩ ልዩ መጠን ይደባለቃሉ። ልዩነቱ የዛሬው በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ከእርሳስና ከመሳሰሉት ጎጂ ነገሮች መጣራቱ ነው። የሐመር ሴት ቀይ አፈር በቅቤ ለውሳ ጠጉሯን ስትቀባ እና የከተማይቱ ሴት ፋውንዴሽን በስፖንጅ ስትለብጥ፣ ሁለቱም አንዱን ማዕድን በቅባት አዋሕደው ነው። አንዱን «ባህላዊ»፣ ሌላውን «ዘመናዊ» ማለታችን ከማዕድኑ ይልቅ ስለ ማሸጊያው የሚናገር ይመስለኛል።

በደጋው የሀገራችን ክፍል የውበት ሁሉ መነሻ ቅቤ ነበር። ለጋ ቅቤ ከአናት ላይ ይደረግና በፀሐይ ሲቀልጥ ወደ ግንባርና ወደ አንገት ይወርዳል። ሽታውን ያማረሩ የውጭ ሀገር መንገደኞች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ሀገር፣ ፀሐዩ በሚያቃጥልበትና የበጋው አየር ከንፈር በሚሰነጥቅበት አምባ፣ ቅባት ቅንጦት ሳይሆን ልብስ ነው። አመዳም መባል ያስፈራ የነበረውም ያለ ነገር አይደለም፤ ቅቤ ያጣ ቤት ፊቱ ላይ ይታወቅ ነበርና።

ከቅቤ ቀጥሎ ኩል ነው። እንሶስላም አለ፤ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ሲሞቁት ቀይ አድርጎ ያስውባል። በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም የሰሜን አውራጃዎች ደግሞ ወይባ ጢስ የታወቀ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ የወይባ እንጨት ይነድበታል፤ ሙሽራዋ ወይም አራሷ ገላዋን ተቀብታ፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ተሸፍና ከጢሱ ላይ ትቀመጣለች። ላቡና ጢሱ ተዋሕደው ቆዳዋን ቢጫ ያደርጉታል፤ ያ ሽፋን ሲለቅ ከሥሩ የጠራ ቆዳ ይወጣል። (መነኮሳት የሚለብሱት ቢጫ ልብስም ወይባ መባሉን አንባቢ ልብ ይሏል፤ አንዱ ቃል ሙሽራንና መናኝን ማልበሱ የቋንቋችን ቀልድ ነው።) ለመሆኑ ወይባ ከማስክ በምን ይለያል? ሁለቱም ቆዳን ሸፍኖ፣ አልቦ ወይም መጦ፣ በመጨረሻ ተገፍፎ የሚነሣ ነገር ነው። አዲስ አበባ ራሷ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ወደ ፊንፊኔ ሜዳ የሳባቸው የፍልውሃው እንፋሎት መሆኑ ሲታሰብ፣ ዋና ከተማችን ከገላ እንክብካቤ ጋር የተወለደች ናት ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ለዓለም የውበት ገበያ ተቀባይ ብቻ አልነበረችም። በከፋ፣ በጅማና በኢሉባቦር ገበሬዎች ጥርኝን በጎጆ አስረው የሚሰበስቡት ዝባድ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ ውጭ ወጥቷል። ሀገራችንም ከዓለም የዝባድ አቅራቢዎች ቀዳሚዋ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1921 በፓሪስ የወጣው ዝነኛው «ሻኔል ቁጥር 5» ሽቶ ዝባድ ነበረበት፤ ኩባንያው የተፈጥሮውን በሰው ሠራሽ የተካው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የጅማው ገበሬ ስም በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም። ዝባዱ በጥሬው ወጣ፤ ሽቶው በውድ ዋጋ ተመልሶ ገባ። በቡና የምናውቀው ታሪክ ነውና አናስረዝመው።

ኩል የሚለው ቃል በዓረብኛም ያለ ሲሆን ከእኛ ጋር ብቻ አልቀረም። «አልኩሕል» ወደ አውሮፓ ተሻግሮ መጀመሪያ የላመ ዱቄትን፣ በኋላም ተጣርቶ የወጣ ነገርን ሁሉ መጥሪያ ሆነና፣ በመጨረሻ «አልኮል» ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ለወዛም ፊት ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ውሃ ውስጥ ያለው አልኮልና የአያቶቻችን የዓይን ኩል አንድ ስም ነው ያላቸው። የጥንቱ ኩል ብዙውን ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ስለ ሆነ ከጉዳት ነፃ አልነበረም። በዚህ ረገድ አውሮፓ ይብስ ነበር። ሮማዊው ሐኪም ጋሌን በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሰም፣ ከወይራ ዘይትና ከጽጌረዳ ውሃ የቀመመው ቅባት ደኅና ነገር ሆኖ ሳለ፣ በኋለኛው ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ፊታቸውን በነጭ እርሳስ ለጥፈው ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1760 በወጣትነቷ የሞተችው የእንግሊዟ ውብ ማሪያ ኮቨንትሪ ለሞቷ ምክንያቱ ይኸው ነጭ መኳያ እንደ ነበረ በሰፊው ይነገራል። ነጭ ለመሆን መሞት የተጀመረው በጥቁሮች ሀገር አይደለም።

የዛሬው ፋውንዴሽን ግን ከቤተ መንግሥት አልወጣም፤ ከመድረክና ከሲኒማ ነው የወጣው። ከፖላንድ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ አሜሪካ የተሰደደው ማክስ ፋክተር እ.ኤ.አ. በ1914 ለፊልም ተዋንያን የማይሰነጠቅ ቅባት ቀለም ሠራ። ባለቀለም ፊልም ሲመጣ ያ ቅባት በካሜራው ፊት ያብለጨልጭ ጀመር። ስለዚህ በ1930ዎቹ ማብቂያ፣ በእነሱው አቈጣጠር፣ በእርጥብ ስፖንጅ የሚቀባ ብልጭታ የሌለው ጠፍጣፋ ቀለም አወጣ። ተዋንያቱ ወደ ቤታቸው ይዘውት መሄድ ቢያበዙ ኩባንያው ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። በእኔ ግምት ወዝ ጥፋት ሆኖ የተፈረደበት ቀን ይኸው ነው። ፈራጁም የሰው ዓይን አልነበረም፤ የካሜራው መነጽርና የስቱዲዮው መብራት ነበሩ። የሰው ዓይን ወዝን ይወዳል፤ መብራት ግን ወዝን አይችልም።

ከመድረክ ጀርባ የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል። በሀገራችን የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ሴት በመድረክ መታየቷ እንደ ነውር ስለሚቈጠር የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ወንድ ነበር፤ ስለዚህ ፊት መኳል ለወንዱ ተዋናይ የሙያ ግዴታ ሆነ። እንደ አስናቀች ወርቁ ያሉ ቀደምት ሴት ተዋንያን መድረኩን ሲይዙት ነው ሴት በራሷ ፊት የቆመችው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተከፍቶ ብርቱ መብራት በተዋናይ ግንባር ላይ ሲወርድ ደግሞ ዱቄትና ቀለም የማይታለፍ ሆነ። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ በ1970ዎቹ ባለቀለም ሆነ። ያን ጊዜ የመብራቱ ፍርድ ከቴአትር ቤት ወጥቶ ወደየሳሎኑ ገባ። የዛሬው ስልክ ካሜራ ፍርዱን ወደየኪሳችን አስገባው እንጂ አዲስ ሕግ አላወጣም።

ታዲያ ያ የሲኒማ ቀለም ለማን ቆዳ ተቀመመ? ለነጮች ነበር። ጥቁሯ አሜሪካዊት ዘፋኝና ተዋናይ ሊና ሆርን ወደ ሆሊውድ በገባች ጊዜ ለእሷ ተብሎ «ፈካ ያለ ግብፃዊ» የተሰኘ ቀለም ተሠራላት። ይኸው ቀለም ግን ክልስ ሴት ሆነው የሚጫወቱ ነጭ ተዋንያትን ማጥቈሪያ ሆነና፣ ሊና ልትይዘው የምትመኘውን ሚና እ.ኤ.አ. በ1951 ኤቫ ጋርድነር ተቀብታ ወሰደችው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 ዩኒስ ጆንሰን «ፋሽን ፌር» የተባለውን የጥቁር ሴቶች መኳያ ያቋቋመችው፣ በትርኢቷ የሚሠሩ ሞዴሎች ለፊታቸው የሚስማማ ቀለም አጥተው ሁለት ሦስቱን ሲደባልቁ አይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ሶማሊያዊቷ ኢማን የራሷን ድርጅት ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2003 የአዲስ አበባዋ ልያ ከበደ የኤስቴ ላውደር የመጀመሪያዋ ጥቁር ወኪል ገጽታ ሆነች፤ በጊዜው ትልቅ ዜና ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 የዘፋኟ ሪሃና ድርጅት በ40 ዓይነት ቀለም ገበያ ሲገባ ሌሎቹ ለመከተል ተገደዱ።

የጠይም ሴት ችግር በቁጥር ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም። ፋውንዴሽን እንዲሸፍን የሚጨመርበት ነጩ ማዕድን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱ ሲበዛ ጠይም ፊትን ያነጣል እንጂ አያቀላም። ወዙን ልትደብቅ የተነሣች ሴት በገዛ ገንዘቧ አመዳም ሆና ትመለሳለች። አያቷ በቅቤ የሸሸችውን ስም እሷ ከሱቅ ገዛችው ማለት ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። ለማቅላት ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ክሬሞች ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት ይዘው ይገኛሉ። ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን መልሶ ያጠቍራል፤ ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙትም ፊትን ያቃጥላል። በኩማሞቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን ማቅሊያዎች ከእ.ኤ.አ. 2020 በኋላ እንዳይመረቱና እንዳይነገዱ ወስኗል። በሀገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የመዋቢያዎች ደኅንነት ቁጥጥር ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ሕግ ግን በመደርደሪያ ላይ ያለውን ያያል፤ በሻንጣ የሚገባውን ለማየት ይቸገራል።

በሻንጣ መግባቱን ያበዛው አንዱ ምክንያት የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ለመቆጠብ 38 ዓይነት ዕቃዎች በባንክ ምንዛሪ እንዳይገቡ ሲያግድ፣ መኳያና ሽቶ ከመኪናና ከውስኪ ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ገቡ። እገዳው የተነሣው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁለት ዓመት ሊጠጋ በቀረው ጊዜ ሴቶች መኳል አልተዉም፤ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ እንደሚያልፍበት የማይታወቅ ዕቃ ግን በዛ። ቅንጦት ተብሎ የታገደውን ነገር የፀጉር ሠሪዋ፣ የሙሽራ አስዋቢዋና የቴአትር ባለሙያው የሥራ መሣሪያ መሆኑን ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች አላሰቡትም ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ታሪክ በአንድ ቦታ ተጠቅልሎ የሚታየው እንደ ኮዬ ፈጬ ባለ አዲስ ሰፈር ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ፣ ከቂሊንጦና ከቱሉ ዲምቱ ጎን የተዘረጋው ይህ የጋራ መኖሪያ ትናንት ጥቁር የእርሻ መሬት ነበር። የቤቶቹ ዕጣ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ሲወጣ በገበሬው መሬት ጥያቄ የተነሣ ብርቱ ተቃውሞ መነሣቱ የሚረሳ አይደለም። ዛሬ በሕንጻዎቹ ምድር ቤት ከጤፍ መደብርና ከመድኃኒት ቤት ጎን የውበት ሳሎን አለ። ነፋሱ ሜዳማ፣ አቧራውም ብዙ ነው፤ አውቶቡስ ስትጠብቅ የቆየች ልጅ ፊቷ ላይ ወዝና አቧራ ተላቁጦ ትገባለች።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። «ፋውንዴሽን» የሚለውን ቃል የኮዬ ፈጬ ግንበኛና የኮዬ ፈጬ አስዋቢ እኩል ይጠቀሙበታል። ግንበኛውን የሚያስጨንቀው የአቃቂ አካባቢ ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ ክረምት ውሃ መጥጦ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቤት ያናጋል። ይህን የሚያደርገው በውስጡ ያለው የሸክላ ዓይነት ሲሆን፣ ቤንቶናይት ተብሎ ለወዛም ፊት ማስክ የሚሸጠው ጭቃም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የፊቱን ወዝ የሚመጠው በዚያው ጠባዩ ነው። (ማንም ግን ከእርሻ አፈር ዘግኖ ፊቱን እንዳይለጥፍ፤ የሜዳ አፈር የመንጋጋ ቆልፍን ጨምሮ ብዙ ተሐዋስያን አሉበት።) ሌላው የማስክ ጭቃ ካኦሊን ነው። በጉጂ፣ በክብረ መንግሥት አጠገብ ቦምቦውሃ ላይ ይቆፈራል፤ የሐዋሳው ታቦር ሴራሚክ ሳህንና ሲኒ ሠርቶበታል። ለፊት የሚሆነውን ግን ከባሕር ማዶ በቱቦ እናስመጣለን።

ሳሎኑ ውስጥ ወግ ሲደራ የሚሰማው ክርክር ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራል። አንዷ ተልባና አብሽ ትላለች፤ ሌላዋ እርድ በማር፤ ሦስተኛዋ የእንቁላል ነጭ በሎሚ። የእርድና የማሩ ጉዳት ጥቂት ነው፤ ጥሬ እንቁላል ግን የሆድ በሽታ ያመጣል፤ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ መውጣት ቆዳን አቃጥሎ ጥቁር ነጥብ ያስቀራል። ጭቃውም ቢሆን በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ ደርቆ ሳይሰነጠቅ መታጠብ አለበት። ወዝ የሚመነጨው በግንባር፣ በአፍንጫና በአገጭ ከሚበዙት የቅባት ዕጢዎች ነው። ዕጢዎቹን የሚያዝዘው ከውስጥ ያለ ሆርሞን ነውና ፊትን በሳሙና አምስቴ ማሸት ወዙን አይነቅለውም፤ ቆዳውን ያስቈጣዋል እንጂ። የቆዳ ሐኪሞች ለወዛም ፊት እንኳ ቀለል ያለ፣ ዘይት ያልበዛበት ቅባት የሚያዙት ለዚህ ነው። አያቶቻችን ከዚህ ግማሹን ያውቁ ነበር።

ፋውንዴሽን ሲሞከር ደግሞ ሥርዓቱ እንዲህ ነው። እጅ ላይ አይሞከርም፤ የእጅና የፊት መልክ አንድ አይደለምና። በጉንጭና በአንገት መካከል፣ በመንጋጋው መስመር ላይ ሁለት ሦስት ሰረዝ ይደረጋል። «የኔ እናት፣ እስቲ ወደ በሩ ውጪና በፀሐይ እንየው» ትላለች አስዋቢዋ፤ የሳሎኑ ነጭ አምፖል እንደሚዋሽ ታውቃለች። ከዚያ ይቆያል። ከወዝ ጋር ሲዋሐድ መልኩ ይጠቍራል፤ መጀመሪያ ልክ የመሰለው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ሰው ይሆናል። በመደርደሪያዋ ላይ ያሉት ጠርሙሶች ሰባት ናቸው፤ ሦስቱ ለማንም የሰፈሩ ሴት አይሆኑም፣ በጣም የነጡ ናቸው። ስለዚህ ከቡናማው ሁለት ጠብታ፣ ከቢጫው አንድ ጠብታ በእጇ ጀርባ ላይ አድርጋ በጣቷ ታሽና፣ የዩኒስ ጆንሰን ሞዴሎች ከመጋረጃ ጀርባ ያደርጉት እንደ ነበረው፣ ለደንበኛዋ መልክ የሚሆነውን ቀለም ራሷ ትቀምማለች።